ደን ሸጦ ባጃጅ የገዛው ጎረቤቴ

ነቀምት ውስጥ ስለ ዛፍ ክርክር ሲነሳ የመጨረሻውን ቃል የምናገረው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። «ደን በነጻ የበቀለ ነው፤ ሲሸጥ ሁሉም ትርፍ ነው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የገጠመኝ ጎረቤቴ ነው፤ ኦቦ ቶሌራ ይባላል።

ኦቦ ቶሌራ ከቤቱ ጀርባ የነበረውን ደን ለጣውላ ነጋዴ ሸጦ ባጃጅ ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ከደኑ ሥር ይፈልቅ የነበረው ምንጭ ደረቀ፤ ጥላ ያጣው ቡናውም ጠወለገ። ታዲያ ባጃጁ ሰው የሚጭን ይመስላችኋል? ጠዋት ውሃ፣ ከሰዓት ከሲሬ መንገድ ማገዶ ለራሱ ለቶሌራ ቤት ያመላልሳል። ተሳፋሪ እጁን ሲያነሳ በወንበሩ ላይ ጄሪካኖች በክብር ተቀምጠው ያያል!

በጥር ወር ነጋዴው ምንጩ ዳር የቀሩትን ሁለት ዋንዛዎች ሊገዛ መጣ። ሊጨባበጡ ሲሉ ደረስኩ።

«ኦቦ ቶሌራ፣ በዚህኛውስ ምን ልትገዛ ነው?»

«ሁለተኛ ባጃጅ።»

«ሰው ልትጭንበት?»

ሚስቱ አዴ ጫልቱ ቀደመችው። «ኧረ ለማገዶው ነው! አንደኛው ከውሃው መች ተረፈ?»

ነጋዴው ራሱ ሳቀ። ቶሌራ ግን አልሳቀም፤ የዘረጋውን እጁን ኪሱ ከተተ።

እስካሁን ያከናወንኩት እንግዲህ ይህ ነው፦ ሁለት ዋንዛ አተረፍኩ፣ የነጋዴውን መኪና ባዶውን መለስኩ፣ ከዋንዛዎቹ ሥር ዘር ለቅሜ ችግኝ አፈላሁ፣ ቶሌራን ራሱን የችግኝ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ምንጩን መመለስ ግን ለእኔም ቢሆን ጊዜ ይወስዳል።