ባና የለበሰው ተክል

(እስቲ ይህን ጓሮ ተመልከቱልኝ። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ዳር ነው፤ ጠዋት፤ የኅዳር ውርጭ ሣሩን አንጥቶታል። መካከሉ ላይ አንድ ተክል ከበግ ጠጕር የተሠራ ባና ለብሶ ቆሟል። የጓሮው ባለቤት እትዬ አመተሥላሴ ናቸው። ዶማ ይዞ የሚሟገታቸው የግብርና ባለሙያው ፍሬው ነው።)

ፍሬው፦ ይነቀላል አልኩ፣ ይነቀላል! ነገ እንግዶች ያከፋፈልኩትን የፖም ችግኝ ሊያዩ ይመጣሉ፤ አረም ላሳያቸው?

አመተሥላሴ፦ ስሙን ንገረኝና ንቀለው። ሦስት ዓመት ባናዬን አልብሼው፣ እኔ በነጠላ ስንቀጠቀጥ ያደርኩለትን ማን እንደሆነ ሳላውቅማ አልቀብረውም።

ፍሬው፦ ስልኬ ያውቃል። (ፎቶ ያነሳል) በግ... በግ ነው ይላል።

አመተሥላሴ፦ እሰይ! ለገና ደረሰልኝ።

ፍሬው፦ ባናውን አይቶ እኮ ነው! ይግለጡት!

አመተሥላሴ፦ (ከላይ ገለጥ አድርገው) ቶሎ በል፣ ብርድ ይመታዋል።

ፍሬው፦ ይኸው፣ ኔትወርኩ ሄደ። ደግሞስ ዲግሪ እያለኝ ስልክ ምን ያደርግልኛል! (ቅጠሉን እያሸ) ኮሽም ነው።

አመተሥላሴ፦ እሾሁስ?

ፍሬው፦ ገና ነው።

አመተሥላሴ፦ እንደ ሕፃን ጥርስ?

ፍሬው፦ እንግዲያው ጌሾ ነው!

አመተሥላሴ፦ አምና ነጭ ሆኖ ቀላ ያለ አበባ አብቦ ነበር። ጌሾ እንዲያ ያብባል?

ፍሬው፦ እትዬ፣ የተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?

አመተሥላሴ፦ አንተ ነህ እንጂ። ለዚያ አይደል የምጠይቅህ? የዛሬ ሦስት ዓመት ሦስት ዓይነት ችግኝ ሰጠኸኝ፣ ሁለቱ ደረቁ። የተረፈው የትኛው ነው?

ፍሬው፦ ፖሙማ ከደረቁት ነው። በሪፖርቴ ላይ ግን በሕይወት አለ። ስለዚህ ይሄን ነቅዬ በቦታው ሌላ ፖም እተክላለሁ።

አመተሥላሴ፦ በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃህ ምንድን ነው?

ፍሬው፦ (ከቦርሳው ፋይል አውጥቶ) ይኸው! የስም ካርዱ። በተከልንበት ቀን ከግንዱ በጥሼ ከሪፖርቱ ጋር አያይዤዋለሁ። «ፖም፣ አመተሥላ» ይላል።

አመተሥላሴ፦ «ሴ»ዋስ?

ፍሬው፦ ስቸኩል ተቀድዳ ቀረች።

አመተሥላሴ፦ (ባናውን እስከ ሥሩ ይገልጣሉ፤ ግንዱ ላይ በሽቦ የታሰረች ቁራጭ ካርድ ትታያለች) እስቲ አንብብልኝ፣ የተማርከው።

ፍሬው፦ (ጎንበስ ብሎ) ...«ሴ»።

(ፍሬው ዶማውን ከጀርባው ይደብቃል።)

ፍሬው፦ ፖም መሆኑንማ አውቄያለሁ። ልፈትንዎ ብዬ ነው።

አመተሥላሴ፦ እንግዲያስ አልፌያለሁ። በል ካርዱን መልስ፤ ዛፌ ስሙን ይዞ ይቁም።

ፍሬው፦ አይሆንም! ካርዱ ከፋይሉ ከወጣ እኮ ዛፉ የለም ማለት ነው!

አመተሥላሴ፦ (ዛፉን ያዩታል፣ ፋይሉን ያዩታል። ባናውን ከዛፉ ላይ ገፈው ፋይሉን ያለብሱለታል) እንካ፤ እሱን ውርጭ እንዳይመታብህ።

(አንባቢ ሆይ፣ ስቀህ ብቻ አትለፍ። አንተም ቢሮ ውስጥ የሰው ዛፍ ስም በፋይል ታስሮ ከተቀመጠ፣ እባክህ ነገ ሳትል ፈትተህ ለባለቤቱ አድርስ። ስታልፍም የእትዬን ባና መልስላቸው፤ ዛሬም ውርጭ አለ።)