በኮሪደር የተቀመጥነው ለቅሶ

እኔ ሰው ቀጠሮ ሲሰጠኝ መጀመሪያ «ዕለቱ ማን ነው?» ብዬ ነው የምጠይቅ። ሚካኤል ነው? ገብርኤል ነው? ወይስ ዓርብ ነው? እንዲህ የሆንኩት ሰቆጣ ላይ ልብስ ስሰፋ ኖሬ እንዳይመስልህ ወዳጄ። ቦኖው ነው እንዲህ ያደረገኝ።

የሰፈራችን ቦኖ ቧንቧው ተዘርግቷል፣ ውሃውም ደርሷል። ጆሮህን ብትለጥፍበት ሽው ሲል ትሰማዋለህ። ግን ተቆልፏል! ለምን? ርክክቡ አልተፈረመማ! ማን ይፈርም? አንድ ኃላፊ። የየትኛው ቢሮ እንደሆነ አልነግርህም፣ ነገር አልፈልግም።

ሁላችንም ተቸግረናል፤ የጎረቤቴ የእትዬ ከድጃ ግን ይብሳል። ልጆቻቸው ዓረብ አገር ናቸው፣ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ጀሪካን አዝለው ከወንዝ ዳገቱን ይወጣሉ። አንድ ጠዋት ወደቁ። ጉልበታቸው ደምቶ ሳለ የሚያለቅሱት ለፈሰሰው ውሃ ነበር። ደሜ ፈላ።

ቄስ ገብሬ ከቅዳሴ በኋላ ምዕመኑን ሰበሰቡ። ሼህ እንድሪስም ከጁምዓ በኋላ ጀመዓውን ሰበሰቡ። ከየወገኑ አራት አራት ሰው ተመረጠ። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ፤ ሌላ ችሎታ ኖሮኝ እንዳይመስልህ፣ እርሳስ ጆሮዬ ላይ ስለማይጠፋ ነው።

ኃላፊው በወግ ተቀበለን። ስምንታችሁም ተሟልታችሁ ካልመጣችሁ ጉዳዩ አይታይም አለና ቀን ቆረጠልን፤ በሃያ አንድ። ማርያም! ቄሱና የእኛ ሰዎች ቅዳሴ ላይ ነን። ሙስሊሞቹ ብቻ ሄዱ፤ አልተሟላችሁም ተባሉ። ቀጥሎ ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ቀጠረን። ሼሁና ሰዎቻቸው ለጁምዓ ሄዱ፣ እኛ ብቻ ገባን፤ አልተሟላችሁም ተባልን። ከዚያ ሚካኤል። ከዚያ ደግሞ ዓርብ! ሰውየው ካላንደር ዘርግቶ ነው እንዴ የሚቀጥረን?

እንግዲያው እኛው ቀን እንምረጥ ተባለ። ጉዱ ያኔ መጣ። ሼህ እንድሪስ ቀን ሲጠሩ ቄስ ገብሬ ታቦት ይጠሩባቸዋል። አምስት? አቦ። ሰባት? ሥላሴ። አሥራ ዘጠኝ? እሱማ ገብርኤል ነው። ሼሁ ትዕግሥታቸው አልቆ፣ አባ፣ እርስዎ ዘንድ ባዶ ቀን የለም ወይ? ቢሏቸው፣ የዚህ ወር ባዶ ቀን ነበረ፣ ምን ያደርጋል ዓርብ ዋለ አሉ። በሳቅ ሞትን።

እትዬ ከድጃ ግን አልሳቁም። ለመሆኑ ለቅሶ የምትቀመጡት ተሟልታችሁ ነው? ብለው ጠየቁን። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ የእኛ ሰው ለሶላት ሲነሣ ክርስቲያኑ ይቀመጥልኝ ነበር፤ እናንተ ቤተ ክርስቲያን ስትስሙ የእኛ ሰው ነበረ፤ አንድም ቀን ቤቴ ባዶ ሆኖ አላደረም አሉ። አፈርን።

በማግስቱ፣ እስኪፈርም በተራ ልንጠብቅ፣ ቢሮው ኮሪደር ላይ ለቅሶ ተቀመጥን! ንፍሮ ተቀቀለ። ንፍሮ መቼም የጾም አይል፣ የማን ቢላ ነካው አያሰኝ። በታቦት ቀን ሙስሊሙ፣ ዓርብ ሲሆን ክርስቲያኑ፣ በቀረው ቀን የተመቸው ይቀመጣል። ለጉዳይ የመጣ ሁሉ እኛን ሲያይ ደንግጦ፣ ኃላፊውን እግዜር ያጽናዎ እያለ ይገባ ጀመር። ሰውየው አንድ ቀን ብው አለና በሩን በርግዶ፣ እናንተ የምታርፉበት ቀን የለም ወይ? ብሎ ጮኸ። ሼህ እንድሪስም ቀስ ብለው፣ አለን እንጂ ልጄ፣ አንድ ላይ አይውልልንም አሉት።

ወሬው ደሃና ወረዳ ድረስ ደረሰ። የኃላፊው እናት እዚያ ናቸው። ከገበያ የተመለሰ ሰው፣ ልጅዎ ቢሮ ለቅሶ ተቀምጠዋል ይላቸዋል። ማን እንደሞተ ግን አልጠየቀም፣ የተረገመ! እናትየው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ በኽምጣኛ እያለቀሱ ኮሪደሩ ላይ ደረሱ። እኛስ? ልማድ ሆኖብን ብድግ ብለን አብረን አለቀስን!

በጩኸቱ ኃላፊው ወጣ። እናቱ ፊቱን ዳሰሱት፣ ትከሻውን ዳሰሱት፣ ሳሙት። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ውሃ ስጡኝ አሉ።

አብረውን የተቀመጡት እትዬ ከድጃ ለለቀስተኛው ካመጡት ጀሪካን ቀዱላቸው። የወንዝ ውሃ ነው፣ ደፍርሷል። አሮጊቷ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት። እትዬ ከድጃም እፍረት ይዟቸው፣ ይቅር ይበሉኝ እናቴ፣ ንጹሑ አለ፣ ቁልፉ ልጅዎ ዘንድ ሆኖ ነው አሏቸው። እናትየው አልተቆጡም። ብርጭቆውን ለልጃቸው ዘረጉለትና፣ እስቲ አንተ ቅመስልኝ አሉት።

ሰውየው ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። እውነቴን ነው፣ ያኔ አሳዘነኝ።

ከሰዓት በኋላ ቦኖው ተከፈተ። የእትዬ ከድጃን ጀሪካን ቄሱና ሼሁ ግራና ቀኝ ይዘው ቤታቸው አደረሱላቸው። እንባዬ መጣ፣ ምን እደብቅሃለሁ!

አሁን ለእናትየው ምስጋና እናቅርብ ተብሎ ቀን እየፈለግን ነው። እስካሁን አልተገኘም። ይህን ያየ ሁሉ፣ ምናለ በአንድ ቀን ብታርፉ ይለናል። ምናለ? በአንድ ቀን ብናርፍማ ኃላፊውም አብሮን አርፎ፣ እትዬ ከድጃ ዛሬም ዳገቱ ላይ ነበሩ።