የእትዬ አገሬ ያላለቀ ሙዳይ

ቤቱን ለሰበሰበው ዕቃ ለቅቆ ራሱ በደባልነት የሚኖር ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የሲያትሏ ክብርት እትዬ አገሬ ይባላሉ። ሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር ባለው አፓርትመንታቸው ሶፋው ላይ የሚቀመጡት ሰፌድ፣ ሌማትና አገልግል ናቸው፤ እንግዳ ይቆማል።

እትዬ አገሬ በልጅነታቸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ስካውቶች አንዷ ነበሩ። ይህን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሰላም ማለት ይበቃል። አንድ ቀን አብረን ስንወጣ ባስ ጥሎን ሊሄድ ሲል ከቦርሳቸው ፊሽካ አውጥተው ነፉበት። ሾፌሩ ደንግጦ ቆመ። «ስካውት ምንጊዜም ዝግጁ ናት» ብለውት ገቡ። እኔ እስክንወርድ ድረስ አንገቴን እንደደፋሁ ነበር።

ቼሪ ጎዳና ካለ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ፣ ምግባችን እየቀዘቀዘ፣ ሌማት አስወርደዋል። ስፌት የሚመዘነው በጀርባው ነው ባይ ናቸው። ገልብጠው መረመሩና ሰፊዋ ምን ያህል ችኩል እንደነበረች ለባለቤቱ አስረዱት። ሰውየው ሌማቱን መልሶ አልሰቀለውም።

ከዚያ ሁሉ ስብስብ መሃል ማንም የማይነካው አንድ ሙዳይ አላቸው። እሳቸውና የስካውት ጓደኞቻቸው በየተራ አንዳንድ ዙር እየሰፉ ጀምረውት፣ የክዳኑ መጨረሻ ዙር ሲቀር ቡድኑ ተበተነ። ዛሬ ከሰፊዎቹ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ደግሞ በሪህ ምክንያት ወስፌ አልይዝ ካሉ ቆይተዋል። ሙዳዩ ሳያልቅ እንዳይሞቱ ይፈራሉ። እኔ ልጨርስልዎ ያልኳቸው ዕለት ግን እንደዚያ ሌማት ከላይ እስከ ታች መረመሩኝና ሙዳዩን ወደ ቦታው መለሱት።

ልጄ ሃሴት እዚህ ሴት ስካውት መግባቷን ሲሰሙ ሙዳዩን፣ ወስፌና አንድ እስር የስፌት አክርማ ይዘው ከች አሉ። ሃሴት ምላሷን አውጥታ ሰፋች። ዙሩ እንደ ሰካራም መንገድ ተጣመመ። እኔ ፍርዱን ፈርቼ ይፈታ እንደሆን ጠየቅኋቸው።

ክዳኑን ገለበጡት። ጀርባውን ሲያዩ ቆዩና ከውስጥ ያለ ሌላ ጠማማ ዙር በጣታቸው አሳዩ።

«ይሄ የማን ይመስልሻል?» አሏት ሃሴትን።

«ዩርስ?» አለች፣ የእርስዎ ለማለት።

«የኔ ነው። ፍቺው ቢሉኝ እንቢ አልኩ። ያንቺንም ማንም አይፈታውም።»

እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ መሐረቡም ዝግጁ ነበር። እኚህን ሴትዮ እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

ሙዳዩ አሁን በትእዛዛቸው የእኛ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ይህን የጻፍኩት ቆሜ ነው።