ቀለሙን ጅቡቲ ጥሎ የመጣ ሠርግ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ የአንድ ዘመዳችንን የሠርግ ቪዲዮ ከኢንተርኔት አወረደና በዲቪዲ ገልብጦ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተልኝ። ጀምሮ እስኪጨርስ እኔ አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ አላጋመስኩም። ጎሽ፣ ተባረክ አልኩት። በሆዴ ግን ቅር አለኝ። አትፍረዱብኝ፤ ራሱ በስንት መከራ ያገኘውን ነገር ሌላው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ሲያገኘው ከልቡ ደስ የሚለው ሰው ካለ ጻድቅ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ቪዲዮ ዴክ ያለው ሰው ዘመዱ ይበዛ ነበር። የእኔ ዴክ ከጅቡቲ እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ፤ የድሬን ሰው ዕቃህ ከየት መጣ አይሉትም። ብቻ ከገባ ወዲህ ሰላምታ ይነፍገኝ የነበረው የቀበሌ ጓድ ሳይቀር ስለ ጤናዬ ይጨነቅ ጀመር። ደጄን ያልረገጠው ጋሽ ታደሰ ብቻ ነው።

ጋሽ ታደሰ ግድግዳ የምንጋራው የባቡር ጡረተኛ ነው። (አንቱ ያላልኩት ንቄው አይደለም፤ ድሬ ውስጥ አንቱ የተባለ ሰው ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል።) ሠላሳ ዓመት ባቡር ሲጠግን ኖሮ መጠገን ያቃተው የገዛ ልጁን ነገር ነው። ሶስና ጅቡቲ ለሥራ ሄዳ እዚያው ሽማግሌ ሳይላክ አገባች። ሽማግሌው በየት በኩል ይምጣ፣ ድንበሩን ማን ያሳልፈው ቢባል፣ ወይ ፍንክች። ሶስና የምትባል ልጅ የለችኝም ብሎ በሚካኤል ማለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ሚስቱ እትዬ አስካለ እኔ ቤት ታስነብበኛለች፣ አልቅሳ ዓይኗን ታጥባ ትመለሳለች። በመጨረሻው ደብዳቤ ሶስና እርጉዝ መሆኗን፣ ያለ አባቷ ምርቃት መውለድ መፍራቷን ጻፈች። አብሮም በሩዝ ከረጢት ውስጥ የሠርጓ ካሴት መጣ።

እትዬ አስካለ መላ አላጣችም። የባቡር ፊልም ነው ብላ ባሏን ይዛው መጣች። ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ባቡሩን ይጠብቅ ጀመር።

ካሴቱን ከተትኩት። ሠርጉ ታየ፣ ቀለም ግን የለውም። ቴሌቪዥኔ ባለ ቀለም ነው፤ ብነካካው፣ ብደበድበው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሶስና በሙሽራ ወግ አንገቷን ደፍታ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ቆማለች።

እትዬ አስካለ ደረቷን ያዘች። "ወይኔ ልጄን፣ ለሠርጓ ሐዘን ለበሰች?"

ጋሽ ታደሰ ተነስቶ ይወጣል ስል ቁጭ እንዳለ ቀረ። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። አባቷ ያልመረቃት ልጅ ምን ትልበስ ታዲያ አለ፣ ለራሱ። በማግስቱ ወረቀት ይዤ እንድመጣ አስጠራኝና አጻፈኝ፤ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ተሻገረ።

እኔ እዚህ ላይ ባርፍ ምን ነበረበት? የጎረቤት ልጅ ሠርግ ያለ ቀለም መቅረቱ አንገበገበኝና ካሴቱን ይዤ መጋላ ገበያ፣ ካሴት ወደሚገለብጠው ሶማሌ ነጋዴ ወደ አብዲ ሄድኩ። አየና ሳቀብኝ። "አቦ፣ ካሴትህ ጤነኛ ነው። የጅቡቲ ቀለም የፈረንሳይ ነው፣ ያንተ ቴሌቪዥን አያውቀውም፣ ወላሂ!" ሁለት ዴክ በገመድ አያያዘ፣ መሃላቸው የፈረንሳዩን ቀለም ወደ እኛ የምትመልስ አንዲት ትንሽ ሣጥን አስገባ። ያኔ የሦስት ሰዓት ሠርግ የሚገለበጠው በሦስት ሰዓት ነው፤ ጫት እየቃምን ከሙሽሮቹ ጋር አብረን ዋልን። ቀለሙ መጣ። ቀሚሱ ቀይ ነው። እንደ በርበሬ የቀላ ቀይ!

መጀመሪያ ያሳየሁት ለእትዬ አስካለ ነው። አፏን በእጇ ያዘች። ደስ ብሏት ሳትጨርስ ደነገጠች፤ ጋሽ ታደሰ ተታለልኩ ብሎ ምርቃቱን ቢያነሳስ? እንዳልነግረው በሚካኤል አስማለችኝ። ማልኩ። ባለ ቀለሙን ካሴትም አልጋዬ ሥር ከተትኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ታደሰ ብቻውን መጣ። አብዲ ዘንድ መሄዴን ሰምቷል፤ መጋላ የተደረገ ነገር ከዚራ ሳይሰማ አይውልም።

"ቀሚሱ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" አለኝ።

መሐላዬ ምላሴን ያዘው።

"ተወው። ጅቡቲ ስመላለስ ነው ያረጀሁት። የዚያ አገር ካሴት እዚህ ቀለሙን እንደሚጥል አጣሁት እንዴ?"

"ታዲያ ያ ሁሉ ለቅሶ?"

"የናፍቆት ነዋ! ሁለት ዓመት ሙሉ መልኳን አላየሁም። በሚካኤል የማለ ሰው ደግሞ ከመሐላው ዝም ብሎ አይወርድም፣ ምክንያት ይፈልጋል። ጥቁሩ ቀሚስ ምክንያት ሆነልኝ።" በሩን ዞር ብሎ አየ። "ለአስካለ እንዳትነግራት፤ እኔን ባቡር ብላ አታልላ ያስታረቀች መስሏት ደስ ብሏታል። በል አሁን ልጄን በቀለም አሳየኝ።"

ከዚያ በኋላ እሷ ማክሰኞ፣ እሱ ዓርብ፣ ተራ በተራ እየመጡ ቀዩን ቀሚስ ያያሉ። አብረው ሲመጡ ግን ጥቁሩን እከፍትላቸዋለሁ፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ።