ጩኸት ተርጓሚው ሙከሚል

ከተማ ከተማ የሚባለው መናኸሪያ፣ ክትፎ ቤትና ሜታል የሚባለውን የጩኸት ሙዚቃ የሚሰማ አንድ ሰው ሲኖረው ነው። ቡታጅራ ሦስቱም አላት። ሜታል ሰሚያችን ክቡር ሙከሚል ነው፤ መናኸሪያው ጥግ ሞባይል ይጠግናል፣ ሜሞሪ ላይ ዘፈን ይጭናል። በዛ ሁሉ ፀሐይ ጥቁር የቆዳ ጃኬቱን አያወልቅም። "ሜታል ሙቀት አያውቅም" ይላል፣ ላቡ እየተንጠባጠበ።

የሚሞትለት ባንድ ጥቀርሻ ይባላል፤ የአዲሳባ ልጆች ናቸው። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ወፍጮ ውስጥ ድንጋይ የገባ ነው የሚመስለው። አንድ ቃል አይሰማም! ክቡርነታቸው የሚያስፈልጉን እዚህ ጋ ነው፤ ይተረጉማሉ። "ስማ ስማ፣ አሁን ስለ ፍትህ ነው… አሁን ደሞ ወንዙን ተሻገረ።" በምን አወቅክ ካልከው፣ "ሜታል በጆሮ አይሰማም ወንድሜ፣ በደረት ነው!"

ሦስተኛው ዘፈን ግን የሰፍያ ነው። ሰፍያ አጠገቡ አቮካዶ ትሸጣለች። ከአዲሳባ ለአረፋ ስትመጣ፣ እሷ መንገድ ላይ እያለች ነው እናቷ የሞተችባት። ሙከሚል "ይሄ ልጅ ለአረፋ እየመጣ ነው፣ እናቱ ግን ሳይደርስላት…" ብሎ ሲተረጉምላት፣ አቮካዶዋን ትታ አለቀሰች። ከዛ ወዲህ በየቀኑ "ሙኬ፣ የኔን ክፈትልኝ" ናት።

ዘንድሮ ጥቀርሻ አዲስ አልበም አወጣ። ጩኸት የለ፣ ጊታሩ ለስለስ ያለ፣ ዘፋኙም እንደ ሰው ይዘፍናል። ሙከሚል አበደ። "ሸጡን! ይሄን ከምጭን ሱቄን እዘጋለሁ!" ባጃጅ ነጂው ካሳሁን ቢለምነው፣ "ሂድ፣ ወልቂጤ አስጭን!" አለው። ካሳሁን ደሞ እልኸኛ ነው፣ ዘመድ ሊጠይቅ ወልቂጤ ሲሄድ አስጭኖ መጣ።

ባጃጇን ሱቁ ፊት ገትሮ አልበሙን ለቀቀው። ያ ሦስተኛው ዘፈን እንደ አዲስ ተዘፍኗል፣ ቃሉ ቁልጭ ብሎ፦ "መንጋጋዬን… ነቅላችሁ ጣሉልኝ…"

የጥርስ ሕመም! ለካ ለዛ ነው እንደዛ ይጮህ የነበረው! ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ሰፍያን ስናያት ግን አፋችንን በእጃችን ያዝን። ሙከሚል ጃኬቱን አወለቀ። ጃኬቱን! ያኔ ገባኝ፦ ሰውዬው አልበሙን ከሁላችን ቀድሞ ሰምቶታል። የደበቀው ከሷ ነበር።

ሰፍያ ተነሳች። "ካሳሁን፣ አጥፋው። ያ ልጅ ሐኪም ቤት ይሂድ። ሙኬ፣ የድሮውን፣ የኔን ክፈትልኝ።"

ከፈተላት። ድንጋዩ ወፍጮው ውስጥ ገባ። ሙከሚል፣ "ይኸው… ቡታጅራ ገባ… ሮጠ… በሩን ከፈተ…" ብሎ ቆመ። ከዛ፣ "ደረሰላት ሰፍያ። ዛሬ ደረሰላት።"

እኔ ሜታል አልወድም፣ ራሴን ያዞረኛል። ግን "ጨምረው!" ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።