አያ ይመርና የተሳቢው ፍሬን

የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ የመርሳ ከተማ ሰዎች አያ ይመር አሉን። ስለ ሽንኩርት ተባይም ሆነ ስለ ጨረቃ ጠይቋቸው፤ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም።

የእህቴ ልጅ ሠርግ ወልድያ ነበርና አግዳሚ ወንበሮቹንና ፍራሾቹን በመኪናዬ ተሳቢ ጭኜ ልነሳ ስል፣ የተሳቢው የኤሌክትሪክ ፍሬን አልይዝ አለ። ቁልቁለት ላይ ከነጭነቱ ቢገፋኝስ? ሙሽራዋ ደግሞ በየደቂቃው ትደውላለች።

አያ ይመር ተሳቢውን ዞረው አዩና «ፍሬኑን የሚያስይዘው ማግኔት ሞቷል፤ ሙሉው ይቀየር» ብለው ፈረዱ። ማግኔት እንዴት እንደሚሞት የጠየቀ የለም። ማን ይደፍራል?

የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራው ዘሀራ ተጠርታ መጣችና ከተሳቢው ስር ገባች። ስትወጣ «አያ፣ ማግኔቱስ ደህና ነው» አለች። «ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው የሚመልሰው ሽቦ ብረቱ ላይ ሳይሆን ቀለሙ ላይ ነው የታሰረው። ኤሌክትሪክ በቀለም አያልፍም።» ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ ብረቱን አወጣችና ሽቦውን መልሳ አጠበቀችው።

አያ ይመር አላመኑም። «እኔ ላዩ ላይ ሆኜ ካላረጋገጥኩ አይነሳም» ብለው ፍራሾቹ ላይ ጉብ አሉ። ቀስ ብዬ ነዳሁና ፍሬኑን ረገጥኩ። ተሳቢው ቀጥ አለ፤ አያ ይመር ግን ጉዟቸውን ቀጥለው ከፊት ባሉት ፍራሾች መሀል በግንባራቸው ተተከሉ።

ሰፈሩ በሳቅ ተናወጠ። ዘሀራ ሮጣ «ተጎዱ እንዴ፣ አያ?» አለቻቸው።

ኮፍያቸውን እያስተካከሉ «ምን እጎዳለሁ፤ ድሮውንስ ቀለሙ ነው ብዬ አልነበር?» አሉ።