ክብርት ወይዘሮ እሱ አለ

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጸሎት ቤቱ እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አትጠፋም። መከራ አድራሻዋን በቃሉ ይዞታል። ሌላው ሰው ቤት በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚሄደው ችግር፣ እሷ ዘንድ ሲሆን ኮቱን አውልቆ ይቀመጣል። እሷ ግን አትሰበርም። ልታጽናኗት ሄዳችሁ ተጽናንታችሁ ትመለሳላችሁ፤ መንገድ ላይ ስትደርሱም የተጎዳው ማን እንደነበር ይጠፋባችኋል። እንዲህ ያለችውን ሴት ሁሉም ያደንቃታል፣ ሁሉም ይወዳታል። ታናሽ እህቷ ካልሆናችሁ በቀር።

ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቷ ነበረች።

ታላቂቱ የምትሠራው በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጥፍ ትውላለች። መንደሩ «ወይዘሮ እሱ አለ» ይላታል፤ ከአክብሮት ብዛት «ክብርት» የሚጨምሩም አሉ። ስሙ የወጣላት ከአፏ ከማይጠፋው ቃል ነው። ትሠራበት የነበረው ፋብሪካ ተዘጋ፣ «እሱ አለ» አለች። የመጀመሪያ ልጇ ልቡን ታሞ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ዋለ፣ «እሱ አለ» አለች። እግዚአብሔርን ማለቷ እንደሆነ የሚያውቋት ያውቃሉ፤ የማያውቋት ግን ግራ ይጋባሉ። ባሏ የሞተባት ጊዜ ወረቀት ልታስጨርስ አንድ ቢሮ ሄዳ፣ ጸሐፊው «ባለቤትዎስ?» ቢላት «አርፏል፤ ግን እሱ አለ» ብላ መለሰችለት። ሰውዬው ብዕሩን አስቀምጦ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ «እትዬ፣ አንዱን ይምረጡልኝ፤ ሞቷል ልበል ወይስ አለ?» አላት ይባላል። ይህን እየሳቀች የምታወራው ራሷ ናት። የሆነው ደግሞ ባሏን በቀበረች በአሥራ አራተኛው ቀን ነው። ልብስ ሰፊዋን የሚያንገበግባትም ይኸው ነበር። በአሥራ አራት ቀኗ የምትስቅ ሴት ምን ዓይነት ፍጡር ናት?

የልብስ ሰፊዋን በር ግን መከራ የሚባል ነገር በስሕተት እንኳ አንኳኩቶት አያውቅም። ልጅ ሆና ክፍሉ በሙሉ በኩፍኝ ሲተኛ፣ እሷ ብቻዋን ከአስተማሪዋ ጋር ተፋጥጣ ሰነበተች። ባሏ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ አይጠጣም፣ አይቆጣም፣ የት ዋልሽ አይልም። የሙሽራ ልብስ የምትሰፋበት ሱቅ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚያርፍበት በኩል ነው። እንዲህ የተመቻት ሴት ምን አስቀናት ለሚል ሰው፣ መልሱ ሐሙስ ከሰዓት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በጸሎት ቤቱ የጎን ክፍል ሴቶች ተሰብስበው ይጸልያሉ። የምትመራቸው ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ የማዋለጃ ክፍሉ ድምፅ ስላልለቀቃት «በርቺ» ስትል ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። መከራ እምነትን እንዴት እንደሚያጠነክር በተነገረ ቁጥር የሁሉም አንገት ወደ አንድ ወንበር ይዞራል። እስኪ እህታችን ትመስክርልን ይባላል። እህታችን ትነሣለች፣ ሻርፗን ታስተካክላለች፣ ከዓመት ዓመት ከማያልቀው መከራዋ አንዱን መዝዛ ትተርካለች። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ፣ ከዚያ በርትተው ይወጣሉ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ተቀምጣ መሀረቧን እየጠቀለለች እርር ድብን ትላለች። ያልተፈተነ እምነት እምነት ነው ወይ የሚል ጥያቄ ውስጥ ውስጡን ይበላታል። የእህቷ ብርታት በአደባባይ የታወቀ ነው። እሷ ግን ብርቱ ትሁን ደካማ፣ እስካሁን የለካት የለም።

አንድ ሐሙስ አላስቻላትም። ተነሥታ ስለ መንጋጋ ጥርሷ መሰከረች። ሦስት ቀን እንዴት እንደጠዘጠዛት፣ ፊቷ እንዴት እንዳበጠ፣ በዚያ ሁሉ ውስጥ ጌታ እንዴት እንደደገፋት በዝርዝር ተናገረች፤ ድምፅዋንም እህቷ እንደምታደርገው የሚያሳዝነው ቦታ ላይ ዝቅ አደረገችው። ስትጨርስ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ዞር ብላ፣ ጥርሱን የት እንዳስነቀለችውና የሐኪሙ እጅ ቀላል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀቻት።

የጣራው ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር። ነፋስ የእህቷን ቤት ቆርቆሮ ገንጥሎ ሁለት ግቢ አሻግሮ የጣለ ዕለት፣ ልብስ ሰፊዋ ብርድ ልብስ ተሸክማ፣ የማጽናኛ ንግግር እያጠናች ገሰገሰች። «አይዞሽ» የምትለው ከየትኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ እንደሆነ ሳይቀር ወስና ነበር። ስትገባ ግን ክብርት ወይዘሮ ግማሽ ጣራ በሌለው ክፍል ውስጥ፣ የራሰውን ፍራሽ ግድግዳ አስደግፋ፣ ለጎረቤቶቿ ሻይ ትቀዳለች። ይህ ክፍል ጨለማ ነው እያለች ስታማርር መኖሯን አስታወሰቻቸውና ወደ ሰማይ እያሳየች «ይኸው ብርሃን ገባ። እሱ አለ» አለች። ሁሉም ሳቀ። ልብስ ሰፊዋም ብርድ ልብሱን ጥግ አስቀመጠች፣ ሻይዋን ጠጣች፣ ተጽናንታ ተመለሰች። ቤቷ ስትገባ እህቷ ሰው ፊት መታየት እንደምትወድ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር፤ ቀና ሳይል «ጣራ እኮ ነው የተገነጠለባት» አላት።

የሠርግ ወቅት ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የእሷም ተራ ደረሰ። ከላይኛው መደርደሪያ ነጭ የሳቲን ጥቅል ልታወርድ ወንበር ላይ ወጣች፤ ወንበሩ ሸሸ፤ በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። አንጓዋ ሁለት ቦታ ተሰብሮ እስከ ክርኗ ጀሶ ተደረገላት።

እውነት ለመናገር፣ ከሆስፒታል ስትመለስ ከሕመሙ ሥር አንዲት ትንሽ ደስታ ተቀምጣ ነበር። አሁን እሷም የራሷ አላት። ጠያቂ ሲመጣ ጀሶውን ትራስ ላይ አደላድላ፣ ፈገግ ብላ፣ «ምን ይደረጋል፣ እሱ አለ» ትላለች። በመጀመሪያው ሳምንት ቃሉ ጥሩ ይወጣላት ነበር። አዋላጇ እንኳ ብርታት በቤተሰብ የሚወረስ መሆኑን ተናግራ ሄደች።

ጀሶው ሲፈታ ግን አውራ ጣቷና ጠቋሚ ጣቷ እምቢ አሉ። ሐኪሙ ነርቩ እንደተጎዳ፣ ሊመለስ እንደሚችል፣ ላይመለስም እንደሚችል ነገራት። ሱቋ ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋችና መርፌ ያዘች። ወደቀች። አነሣቻት፤ ወደቀች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታይ ክር ታስገባ የነበረች ሴት፣ መሬት ላይ ተንበርክካ መርፌ ስትዳብስ ረፋዱ አለቀ። ያኔ ያንን ቃል ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም።

በወቅቱ መጨረሻ የሚያገቡት ሙሽሮች እንኳ ይቅርታ እየጠየቁ ጨርቃቸውን ወደ ሌላ ሱቅ ወሰዱ። ሐሙስን ተወች። ባሏ ምግብ ቀርቦ ሊጸልይ ዓይኑን ሲጨፍን ተነሥታ ከክፍሉ ወጣች። ከሁሉ በላይ ያሳፈራት ሕመሙ አልነበረም። ዕድሜ ልኳን ስትመኘው የኖረችው ሚዛን መጥቶ ቀልላ ተገኘች። እህቷ ባል ቀብራ፣ ልጅ አስታማ፣ ጣራ ተነቅሎባት ቆማለች፤ እሷን ሁለት ጣት አሸነፋት። የድሮው ቅናቷ ጨዋታ ነበር፤ የአሁኑ ግን የእህቷን ድምፅ መስማት አስጠላት።

ሁለት ቅዳሜ እህቷ ስትመጣ ተኝታለች አስባለቻት። በሦስተኛው ግን ታላቂቱ ሰው ሳትጠይቅ ገባች።

ልብስ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «ያንን ቃልሽን ይዘሽ ከሆነ የመጣሽው፣ በሩ ያው» አለቻት።

እህቷ ቆማ አየቻትና ጸጉሯን ከታጠበች ስንት ጊዜ እንደሆናት ብቻ ጠየቀቻት። በአንድ እጅ ጸጉር አይታጠብም፤ ባሏን እጠበኝ ለማለት ደግሞ ኩራቷ አልፈቀደም። ታላቂቱ ውኃ አሞቀች፣ ሳፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ የታናሿን ጭንቅላት ልክ እንደ ልጅነታቸው ጎንበስ አድርጋ ይዛ ታጥባት ጀመር። ፊቷ ወደ ሳፋው ተደፍቶ ስለነበር ልብስ ሰፊዋን መናገር ቀለላት።

«እትዬ፣ እቀናብሽ ነበር።»

«በምኔ?»

«በመከራሽ።»

ጸጉሯ ውስጥ ያሉት ጣቶች ቆሙ፤ ከዚያ ይንቀጠቀጡ ጀመር። አስለቀስኳት ብላ ደንግጣ ቀና ስትል፣ እህቷ በሳቅ ብዛት ግድግዳ ተደግፋለች። ሳሙናው የታናሺቱ ዓይን ገባ። ያን ጊዜ እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ስለሚያቃጥላት ደግሞ የትኛው ለሳቅ የትኛው ለልቅሶ እንደሆነ አልለየም።

ከዚያ ታላቂቱ ፎጣ እየጠመጠመችላት የጣራውን ዕለት ነገረቻት። ጎረቤቶቹ ሻይ ጠጥተው ከሄዱ በኋላ እርጥቡ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ከእንግዲህ አላናግርህም ብላ ለእግዚአብሔር በግልጽ ነግራዋለች። ሦስት ሳምንት ተኳርፈው ሰነበቱ። ሥራ ቦታ አንሶላ ባጠፈች ቁጥር ግን አንዲት ቃል ታመልጣታለች፤ «አለህ?» ትለዋለች። በቀን ሁለት መቶ አንሶላ ነው የምታጥፈው።

«እሱ አለ የምለው ለእናንተ ይመስላችኋል እንዴ?» አለች። «ለራሴ ነው። ጮክ ካላልኩት አልሰማውም።»

«ታዲያ እንዴት ቻልሽው?»

«መች ቻልኩት። ጠዋት ልጆቹ ቁርስ ይፈልጋሉ፤ ተነሣሁ። በማግስቱም እንደዚያው። አንድ ቀን ሳየው ቆሜአለሁ። መቼ እንዳቆመኝ እንኳ አላየሁትም።»

ፎጣውን አጥብቃ፣ ትንሽ አመንትታ፣ ጣራው በተገነጠለ ዕለት ታናሿ የተተኮሰ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ብቅ ስትል ንጹሕ ጫማዋን እንኳ ማየት እንዳቃታት ነገረቻት። እንደዚያ ቀን በሰው ቀንታ አታውቅም።

«ግን ስጸልይ እኔን እንደፈለግህ፣ እሷን ግን አትንካብኝ ነው የምለው። በየቀኑ። ከእናታችን ሞት ጀምሮ።» ከዚያ የልብስ ሰፊዋን ቀኝ እጅ አንሥታ ጣቶቹን ዘረጋችና አየቻቸው። «ይኼኛውን ጸሎት ለምን እንዳልሰማኝ እንጃ። እየጠየቅሁት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጣቶቿን በእህቷ መዳፍ ውስጥ ተወቻቸው። ያ ሁሉ የሰላም ዓመት፣ ያንኳኳባት አጥታ ያፈረችበት በር፣ ለካ አንዲት አንሶላ የምታጥፍ ሴት ደጁ ላይ ቆማበት ኖሯል።

በማግስቱ ጠዋት ተአምር አልሆነም። ተነሥታ ሱቋን ከፈተች፤ ያ ብቻ ነው። ጠመኔና መቀስ በግራ እጇ ያዘች፤ ቀኟን እንደ ድንጋይ ጨርቁ ላይ ጫነችው። የመጀመሪያውን እጅጌ አራት ጊዜ ተረተረችው። ጸሎቷ አጭርና ቁጡ ሆነ፤ አንዳንድ ቀን ከ«አለህ?» አያልፍም። በስድስተኛው ወር አንዲት ደፋር ሙሽራ ልብሷን አሠራቻት፤ የወገቡ ስፌት በቅርብ ላየው ሰው ትንሽ ይንጋደዳል። ጠቋሚ ጣቷ በብርድ ቀን አሁንም እምቢ ይላታል።

ሐሙስ ስትመለስ አዋላጇ እንድትመሰክር ጠራቻት። ተነሣች። ድምፅዋን ዝቅም ከፍም አላደረገችም። እጇ እንዳልዳነ፣ ተቆጥታ እንደነበር፣ አሁንም ጥቂት ቁጣ እንደቀራት፣ ሆኖም እንደመጣች ተናግራ ተቀመጠች። ማንም አላለቀሰም። ከኋላ ግን ከዚያ በፊት ተናግራ የማታውቅ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ባሏ ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሴት፣ ወለሉን እያየች «እኔም ተቆጥቻለሁ» አለች።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ ክብርት ወይዘሮ እሱ አለ ቅዳሜዋን ለዚያች ሴት ሰጠች። ልብስ ሰፊዋ ይህን ያወቀችው በሱቋ መስኮት ነው። እህቷ ትልቅ ከረጢት አንጠልጥላ በመንገዱ አለፈች፤ ሱቁን ቀና ብላም አላየች። ያ የድሮ ቅናት ተነሣባት። ቅዳሜ እኮ የእኔ ነበር አለች በሆዷ። ያቺ ሴትዮ የራሷ እህት የላትም እንዴ?

መቀሱን አስቀመጠች፣ ሱቁን ቆለፈች፣ መንገድ ላይ ሮጣ ደረሰችባት።

«እትዬ፣ ቆይኝ። እኔም እመጣለሁ።»

እህቷ ምን ልታደርግላት እንደሆነ ጠየቀቻት። ሳህን ማጠብ እችላለሁ አለች፤ ከዚያ ሌላ ያሰበችው ነገር አልነበራትም። የከረጢቱን አንድ እጀታ በግራ እጇ ተቀብላ ጎን ለጎን ሄዱ። በሩ ሲከፈት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ የለመደቻትን ልታቅፍ እጆቿን ዘረጋች። ልብስ ሰፊዋ ግን እህቷን ለሰው መልቀቅ ስላልሆነላት መሃል ገብታ ራሷ ታቀፈች። ሴትዮዋ ትከሻዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ የምትለው ቃል አላጠናችም ነበር፤ ቀኝ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ቆመች። ታላቂቱ ከረጢቱን ብቻዋን ተሸክማ፣ ከኋላቸው ደጃፉ ላይ ተራዋን ትጠብቅ ነበር።